በዩኒቨርሲቲ የሴቶች እግር ኳስ አሰልጣኝነት በጎጃም የዕድሜ ልክ ሙያ ሊሆን ይችላልን?

የጮቄ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሼ የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ። ተማሪ ሳለሁ ለግቢው የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በአማካይ ቦታ ተጫውቻለሁ፤ በመጨረሻው ዓመት ጉልበቴን ስላመመኝ አሰልጣኛችንን እያገዝሁ ልምምድ ማሠራት ጀመርሁ፤ ከዚያ ወዲህ ልይዘው የምፈልገው ሥራ ይኸው ብቻ ሆኗል። እናቴና ታላቅ ወንድሜ ግን ባገኘሁት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆኜ እንድቀጠር ይመክሩኛል። አሰልጣኝነትን የሚያዩት ሰው ከዋናው ሥራው ሲመለስ የሚሠራው ትርፍ ነገር አድርገው ነው፤ እስካሁን ያየኋቸው አሰልጣኞች ኑሮም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በተማርሁበት ግቢ የሴቶቹ ቡድን የሚሰበሰበው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ሲቃረብ ነበር፤ ውድድሩ ሲያልቅ ማሊያው ተቆጥሮ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፣ አሰልጣኙም ወደ መማሪያ ክፍሉ ይመለሳል።

በሌላው ዓለም ግን ይህ ሥራ አንድ ሰው በወጣትነቱ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ የሚኖርበት ሙያ መሆኑን አነባለሁ። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን አንሰን ዶራንስ የተባሉት አሰልጣኝ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 2024 ይዘውት ኖረዋል። አርባ አምስት ዓመት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቡድን! እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አካባቢ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ወይም በእንጅባራ፣ ሊታሰብ ይችላል ወይ?

ልምዱ ያላችሁ ሰዎች ሁለተኛ ዲግሪዬን መቀጠል ወይስ የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ማስቀደም እንደሚሻለኝ፣ እዚሁ መቆየት ወይስ ክለቦቹ ወደሚበዙበት ወደ አዲስ አበባ መሄድ እንደሚገባኝ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ሴት መሆኔስ በዚህ ሥራ ያግዘኛል ወይስ ይጎዳኛል?

መምህር ከጣና ዳር

እህቴ፣ ጥያቄሽ በቁም ነገር የተጠየቀ ስለሆነ በዚያው ልክ ልመልስልሽ። እኔ የስፖርት ሳይንስ መምህር ነኝ፤ የሴቶች ቡድንም ለዓመታት ይዣለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሥራውን መደብ ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች እግር ኳስ አሰልጣኝ ተብሎ ደመወዝ የተቆረጠለት፣ ራሱን የቻለ መደብ ማግኘት ከባድ ነው። ቡድኑን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ክፍሉ የተመደበ መምህር ሲሆን፣ ከረዳት ምሩቅነት ወደ ረዳት ሌክቸረር፣ ከዚያም ወደ ሌክቸረርና ወደ ረዳት ፕሮፌሰር የሚያድገው በማስተማሩ፣ በምርምሩና በማኅበረሰብ አገልግሎቱ ተመዝኖ እንጂ ባሸነፈው ጨዋታ ቁጥር አይደለም። ይህን የምልሽ ተስፋ ላስቆርጥሽ አይደለም፤ አሰልጣኝነትሽን ከእነዚህ መመዘኛዎች ጋር ካገናኘሽው ሥራው ራሱ ደረጃሽን ያሳድግልሻል። በከተማሽ ያሉትን የ13 እና የ14 ዓመት ልጃገረዶች ሰብስበሽ የምታሠለጥኚበት ፕሮጀክት በዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ዕቅድ ውስጥ እንዲመዘገብ ካደረግሽ፣ ኳስና ኮን የሚገዛበት ጥቂት በጀት የመጠየቅ መብት ይኖርሻል፣ ድካምሽም ይቆጠርልሻል፤ የልጆቹን ቁመት፣ ክብደት፣ ፍጥነትና ጉዳት በየጊዜው ከመዘገብሽ ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪሽ የማሟያ ጽሑፍ ከዚያው ይወጣል።

ከአሜሪካው አሰልጣኝ ጋር የሚለየን ዋናው ጉዳይ ግን ተጫዋች የሚመጣበት መንገድ ይመስለኛል። እዚያ አሰልጣኙ የሚፈልጋትን ተጫዋች ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች አይቶ፣ ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጥቶ ያስመጣታል። እዚህ ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ አሰልጣኙ የሚያሠለጥነው ምደባው ያደረሰለትን ነው። ቁጥሩም ቢሆን ጠቧል። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በሪሚዲያል የሚገቡት ቢጨመሩ እንኳ ወደ ግቢ ከሚዘልቁት ልጃገረዶች መካከል ታኬታ ተጫምተው የሚያውቁት በጣት ይቆጠራሉ። ግብ ጠባቂ የምትሆን ልጅ ከመረብ ኳስና ከእጅ ኳስ ቡድን ተለምና የምትመጣበት ጊዜ አለ (በነገራችን ላይ ጥሩ በረኞች ያገኘሁት ከዚያ ነው)። ልጆቹ ደግሞ አራት ዓመት ቆይተው ይመረቃሉ፤ ከአራቱም የመጀመሪያው ግቢውን በመልመድ፣ የመጨረሻው በመውጫ ፈተና ጭንቀት ያልፋል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ብቻ ይዤ ሙያ እገነባለሁ ማለት በየጊዜው ከዜሮ መጀመር ነው። የከተማው የታዳጊዎች ፕሮጀክት ግን ይቀጥላል፤ ሙያሽን የሚሸከመው እሱ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያሽና ሜዳ የምታገኚበት ቤትሽ ይሁን።

ላይሰንስን በተመለከተ፣ ዲግሪው ላይሰንሱን እንደማይተካ ከወዲሁ እወቂው። የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ላይሰንስ ከዲ ተነሥቶ በሲና በቢ አድርጎ ወደ ኤ ይወጣል፤ ክለብ ሊቀጥርሽ ሲያስብ ቀድሞ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። ሥልጠናውን የሚሰጠው የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ሲሆን ቦታው ውስን ስለሆነ፣ በእጇ ቡድን ያላት አመልካች ባዶ እጇን ከመጣችው ይልቅ የምትጠይቅበት አፍ ይኖራታል። ስለዚህ ቡድኑን አስቀድሚ፣ ላይሰንሱን አስከትዪ፣ ሁለተኛ ዲግሪው ከዚያ ይደርሳል ብዬ እመክርሻለሁ።

አዲስ አበባ ክለብ ቢበዛም ረዳት አሰልጣኝ የሚሆን ሰውም ሞልቷል። እዚህ ግን የሴቶችን ቡድን ዓመቱን ሙሉ የያዘች ሴት አሰልጣኝ በየከተማው አትገኝም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 የሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን) ዞን ማጣሪያ አሸንፎ ሞሮኮ ላይ በተካሄደው የካፍ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተሳትፏል። ለእንዲህ ያለ ክለብ የምትበቃ አንዲት ልጅ እዚህ ሆነሽ ካፈራሽ፣ ማን አሠለጠናት ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ቢቸናዊው በካሮላይና

እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ግን ስማቸው የተነሣው አሰልጣኝ በሠሩበት በሰሜን ካሮላይና ነው፤ ሴት ልጄም በአካባቢያችን ክለብ ትጫወታለች። ስለዚህ ከሩቅ የሚታየው ነገር ከቅርብ ምን እንደሚመስል ላስረዳ።

በመጀመሪያ፣ የአሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች እግር ኳስ የአንድ ሰው ትጋት ብቻውን የፈጠረው አይደለም፤ ሕግ የፈጠረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ታይትል ናይን የተባለው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ እንዳያዳላ አስገደደ። የአሜሪካው ፉትቦል (ከእኛ እግር ኳስ የተለየው፣ በእጅ የሚያዘው ጨዋታ) እጅግ ብዙ ወንድ ተጫዋቾችን ስለሚይዝ፣ ኮሌጆቹ ሚዛኑን ለማስተካከል ብዙ ተጫዋች የሚይዝ የሴቶች ስፖርት ፈለጉ፤ እግር ኳስም ለዚህ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) የሴቶች እግር ኳስ ሻምፒዮና የተካሄደው በ1982 ነው፤ ዛሬ በከፍተኛው ዲቪዚዮን ብቻ ከ300 በላይ የሴቶች ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ ቡድን ዋና አሰልጣኝና ረዳቶች ስላሉት ሙያው መወጣጫ መሰላል አገኘ። ጎጃም ላይ የጎደለው የሰው ፍላጎት ሳይሆን ይህን የሚያስገድድ ነገር ነው።

ዶራንስም ሲጀምሩ አሁን የምናውቃቸው ሰው አልነበሩም። አባታቸው በነዳጅ ኩባንያ ሥራ ከአገር አገር የሚዘዋወሩ ስለነበሩ በሕንድ ተወልደው በልጅነታቸው ኬንያም፣ ኢትዮጵያም፣ ሌሎችም አገሮች ኖረዋል፤ ይህን ብዙ ኢትዮጵያዊ አያውቀውም። የዩኒቨርሲቲውን የወንዶች ቡድን በ1977 ሲረከቡ ገና ወጣት ነበሩ፤ የሕግ ትምህርትም ጀምረው ተዉት። ከ1979 ጀምሮ ሁለቱንም ቡድኖች አንድ ላይ ይዘው ቆይተው ወንዶቹን በ1988 ለቀቁ፤ በዚያው መካከል የአሜሪካን የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ከ1986 ጀምረው አሠልጥነው በ1991 ቻይና ላይ የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ዋንጫ አሸነፉ። በኮሌጁ ውድድር ደግሞ 21 የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ዋንጫ አንሥተዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከሄዱ በኋላ የሆነው ነው። በነሐሴ 2024 የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጡረታ ወጡ፤ ረዳታቸው የነበሩት ዴመን ኔሃስ በጊዜያዊነት ተረክበው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሻምፒዮን ሆኑ። ቡድኑ ሰውየውን አልፎ የሚቆም ተቋም ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ለአንቺ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የቤኪ በርሊ ይመስለኛል። ገና ከኮሌጅ እንደወጣች ጆርጂያ ውስጥ ቤሪ ኮሌጅ በተባለ ትንሽ ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ ሆነች፤ እዚያ በትናንሾቹ ኮሌጆች ማኅበር ሁለት ጊዜ ዋንጫ ካነሣች በኋላ፣ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በ1995 አዲስ የሴቶች ቡድን ሲያቋቁም ተጠራች፤ በአራተኛው የውድድር ዘመን፣ በ1998፣ ሰሜን ካሮላይናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች፤ እስከ 2021ም እዚያው ሠራች። ከትልቁ ስም ሥር ረዳት ሆና ከመጠበቅ በትንሹ ቤት ሙሉ ኃላፊነት መውሰዷ የጠቀማት ይመስለኛል፤ ስለዚህ መምህር ስለ አዲስ አበባ ያሉትን እደግፋለሁ።

ሴት ስለመሆንሽ ደግሞ አንድ የማይመች እውነት አለ። ታይትል ናይን ከመውጣቱ በፊት በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶችን ቡድኖች ከሚያሠለጥኑት ውስጥ ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ፤ ገንዘቡና ክብሩ ሲመጣ ወንዶች ሥራውን ፈለጉት፣ የሴቶቹ ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። በእኛም አገር የሴቶች እግር ኳስ ደመወዝ የሚከፈልበት መሆን ሲጀምር ቦታው ለሴቶች ተከብሮ ይቆያል ብለሽ አትተኚ፤ አሁን ሰው ሳይሻማበት ሥራውን ያዢ።

ከዶራንስ የምትወስጂው አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ፤ በልምምድ ላይ የሚደረገውን እያንዳንዱን ፉክክር፣ የአንድ ለአንድ ግጥሚያውንም፣ ሩጫውንም፣ ወደ ጎል የሚመታውንም፣ በቁጥር መዝግበው ለተጫዋቾቹ ደረጃቸውን ይለጥፉላቸው ነበር። ሐሳቡን ያገኙት የዚያው ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ከነበሩት ከዲን ስሚዝ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው።

የቀድሞዋ ተከላካይ (ፍኖተ ሰላም)

የመምህርን ምክር አከብራለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ለደረጃ ዕድገት ተብሎ የሚያዝ ፕሮጀክት ሪፖርቱ ሲጻፍ ልጆቹ ይረሳሉ። ልጃገረዶች ደግሞ ለእነሱ ተብሎ የመጣን ሰውና ለወረቀት የመጣን ሰው ለይተው ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባቸውም። እህቴ፣ መዝገቡን ያዢ፣ ነገር ግን ልምምዱ ለመዝገቡ ሲባል አይሁን። ጠያቂዋ ስለ ግቢዋ ቡድን የተናገረችው ነገር በክለብም አለ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ውድድር ሲደርስ የተሰበሰበ ቡድን ከውድድሩ ጋር ይበተናል።

በሴቶች ሊግ ተከላካይ ሆኜ ስጫወት ያሠለጠኑኝ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ መልካም ሰዎችም ነበሩባቸው። ሴት መሆን ብቻውን አሰልጣኝ አያደርግም። መሠረት ማኒ የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች ቡድን ይዛ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ስታሳድግ የተከበረችው ጨዋታ ስለምታውቅ ነው። ሆኖም አንዳንድ ነገር ለሴት አሰልጣኝ ሳይነገራት ይገባታል። ነጭ ቁምጣ በወር አበባ ጊዜ ተጫዋቿን እንዴት እንደሚያሳቅቅ የሚያውቅ የማሊያ ገዥ አላጋጠመኝም፤ የእንግሊዝ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን እንኳ ነጩን ቁምጣ ወደ ሰማያዊ የለወጠው በ2023 ነው። ማሊያ የመምረጥ ዕድል ካገኘሽ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቁምጣ ምረጪ፤ በመድኃኒት ሣጥኑ ውስጥም ከፋሻው ጎን የንጽሕና መጠበቂያ ይኑር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልጆች ግን በዚህ የተነሣ ልምምድ ይቀራሉ፣ አሰልጣኙም ሰነፍ ይላቸዋል።

ጉልበትሽን እንደታመምሽ ጽፈሻል። የሴት ተጫዋቾች የጉልበት ጅማት የመበጠስ አደጋ ከወንዶቹ ከእጥፍ ያላነሰ መሆኑ የታወቀ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ከተበጠሰ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ሩቅ ነው፣ ወጌሻውም የሚችለው የተወሰነ ነው። ስለዚህ መከላከሉ ላይ አተኩሪ። ፊፋ 11+ የሚባለው የማሟሟቂያ ፕሮግራም ሦስት ክፍልና 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት፣ 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ፣ ከኳስ በቀር መሣሪያ የማያስፈልገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ሴት ተጫዋቾች ላይ ሞክሮት በአጠቃላይ ጉዳትን በሲሶ ያህል፣ ከባድ ጉዳትን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሳያቋርጡ መሥራት ነው ዋናው። ከዝላይ ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ተመልከቺ፤ ይህንን አርሚ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

አሁን ጎጃም ላይ ስለሚለየው ነገር ልናገር፤ ጾሙን ማለቴ ነው። የሴቶችን ቡድን እዚህ የሚይዝ አሰልጣኝ የጾሙን አቆጣጠር ካላወቀ የልምምድ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያትና ፍልሰታ ሲጨመሩ የዓመቱ ግማሽ ያህል ይሆናል። ብዙዎቹ ልጆች እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምሱም። ጾምሽን ተዪ ማለት ከልጅቱም ከእናቷም ያጣላሻል፤ ማለትም የለብሽም። የሚሻለው ሰዓቱን ማዘዋወር ነው፤ ጠዋት ላይ ኳስ መቆጣጠርንና የቦታ አያያዝን የመሰለ ቀላል ሥራ ሠርተሽ፣ ጉልበት የሚጠይቀውን ሩጫ ልጆቹ በልተውና ጠጥተው ትንሽ ካረፉ በኋላ፣ ወደ ማታ 11 ሰዓት ግድም አድርጊው። በሰሙነ ሕማማት ልምምዱን ዝጊው፤ የሚመጣ ሰው የለም።

ከምግቡ ጋር የብረት ማዕድን ጉዳይ አለ። ሥጋ በማይበላበት ወቅት በየወሩ ደም የሚፈሳት ልጅ በቀላሉ የደም ማነስ ይይዛታል፤ ከደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ሆና ስትሮጥ ደግሞ ይበልጥ ትደክማለች። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮና የሽምብራ ቆሎ ጥሩ ናቸው፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ አብሮ ሲበላ ሰውነት ብረቱን በተሻለ ይቀበለዋል፤ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ሻይ ግን ይከለክለዋል። በድንገት ትንፋሽ ያጠራትን ልጅ ከመቆጣትሽ በፊት ጤና ጣቢያ ልከሽ ደሟን አስመርምሪያት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ላይ የተደረገው፣ የሕግ ባለሙያዋ ሳሊ ዬትስ የመራችው ምርመራ በአሰልጣኞች የሚፈጸም በደል በአንድ ሁለት ሰው ያልተወሰነ፣ በሊጉ ውስጥ ሥር የሰደደ ነገር መሆኑን አጋልጧል። ሕግና ጠበቃ በሞላበት አገር ይህ ከሆነ፣ እኛ ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ማበጀት አለብን። ከተጫዋች ጋር ብቻሽን በዝግ ክፍል አትሁኚ፤ መልእክት ለቡድኑ በጋራ ላኪ፤ ረዳት የምታደርጊው ወንድ ቢሆንም በጉዞ ላይ ሌላ ሴት አብራ ትሂድ። ይህ ለሴት አሰልጣኝም ይሠራል።

አባት ከቡሬ

እኔ የኳስ ሰው አይደለሁም፤ ልጄ ግን በፕሮጀክት ትጫወታለች። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ የወላጅን ነገር የሚያነሣ ሰው ስላላየሁ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ልጄን የከለከልኋት ኳስ ስለጠላሁ አልነበረም። ልምምዱ ሲያልቅ ይመሽ ነበር፤ መንገዱም በዚህ ጊዜ የሚታመን አይደለም፤ የሚያሠለጥናትንም ሰው አላውቀውም። አሁን ያለችው አሰልጣኝ ቤታችን ድረስ መጥታ ቡና ጠጥታ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ማን ከማን ጋር አብሮ እንደሚመለስ ነገረችን፤ ባለቤቴም ስልኳን ያዘች። የልጄ የፈተና ውጤት ሲቀንስም ከእኛ ቀድማ ጠየቀቻት። ልጄን የሰጠሁት ለኳሱ ሳይሆን ለአሰልጣኟ ነው። ጠያቂዋ ልጄ፣ የሌላ ቦታ ሜዳና ገንዘብ አያስቀናሽ፤ የሃያ ልጆች ወላጆች በስም ካወቁሽ በከተማው ውስጥ ሥራሽን የሚነካብሽ ሰው አይኖርም። የቤተሰቦችሽን ምክርም አትናቂ፤ ደመወዝ ያላት አሰልጣኝ አበል ሲዘገይ ልጆቹን ጥላ አትሄድም።

የጮቄ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የመጨረሻው ቃልዎ እናቴን ሳነብላት በጣም ደስ አሰኝቷታል፤ በእርስዎ ምክንያት አሸንፋኛለች ማለት ይቻላል። የትምህርት ቤቱን መምህርነት ለመያዝ ወስኛለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው ለረዳት ምሩቅነት ማስታወቂያ ሲያወጣም እወዳደራለሁ። ፕሮጀክቱን ግን ቅጥሩን ሳልጠብቅ ልጀምረው አስቤአለሁ።

መምህር፣ ሁለት ነገር ግልጽ እንዲያደርጉልኝ እጠይቅዎታለሁ። ደብዳቤውን የምጽፈው በቅድሚያ ለማን ነው? ደግሞስ ክረምቱን ምን ላድርግ? ያለን ሜዳ ዋልካ ስለሆነ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ኳስ አይነጥርበትም፤ ጭቃው ታኬታውን ይዞ ያስቀራል። ልጆቹም ትምህርት ስለሚዘጋ ወደየገጠሩ ይሄዳሉ።

መምህር ከጣና ዳር

ደብዳቤውን በቅድሚያ ለምትቀጠሪበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጻፊ፤ ሜዳውም ልጆቹም ያሉት እዚያ ነው። በግልባጭ ለከተማው የስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለዞኑ እግር ኳስ ፌዴሬሽን አሳውቂ። ገንዘብ አትጠይቂ፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ገንዘብ ከተጠየቀ መልሱ ይዘገያል። ሜዳውን በየትኞቹ ቀናትና በየትኛው ሰዓት እንደምትፈልጊው፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም በማን እጅ እንደሚሆን ብቻ ለይተሽ ጻፊ። ዕውቅናው በእጅሽ ከገባ በኋላ ማሊያና ኳስ መጠየቅ ቀላል ነው፤ በዩኒቨርሲቲዎች ያሉት የሥርዓተ ጾታ ክፍሎችም በዓመቱ ዕቅዳቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ይፈልጋሉና እነሱንም አንኳኪ። የቀድሞዋ ተከላካይ ስለ ወረቀት የተናገረችውን ተቀብያለሁ፤ ይሁን እንጂ ወረቀት የሌለው ፕሮጀክት ርዕሰ መምህሩ የተዛወሩ ዕለት ይፈርሳል።

ክረምቱን በተመለከተ በዋልካ ላይ ከመታገል ይልቅ የውድድር ዘመንሽን ከጥቅምት እስከ ግንቦት አድርጊው፤ የአካባቢው ሜዳ የሚደርቀውም ልጆቹ የሚገኙትም በዚያ ጊዜ ነው። ሰኔ ላይ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተናዎች ስለሚደራረቡ ዝጊው። በከተማ የሚቀሩትን ጥቂት ልጆች ግን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወይም በመረብ ኳሱ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ አምስት ለአምስት አጫውቻቸው፤ በጠባብ ቦታ የምትጫወት ልጅ ኳስ ሳይደርሳት ቀና ብላ ማየት ትለምዳለች። ሲሚንቶ ላይ ታኬታ አይፈቀድም፤ በሸራ ጫማ ይሁን። ወደ ገጠር የሚሄዱትን ደግሞ ስም ዝርዝራቸውንና የወላጆቻቸውን ስልክ ሳትይዢ አትልቀቂያቸው፤ መስከረም ላይ ማን እንደተመለሰች፣ ማን ትምህርት እንዳቋረጠች፣ ማን እንደተዳረች የምታውቂው በዚያ ስለሆነ፣ መዝገብሽን ከዚያ ጀምሪ።